ከአሮጌ ወረቀት የመስከረም አበባ፦ በክፍል ውስጥ የአበባ ካርድ አሠራር

በዚህ እትም ስለ ካርድ እንጽፋለን። ሪፖርት ካርድ አይደለም፣ የሬሽን ካርድም አይደለም። ተማሪዎች በእጃቸው አጥፈው፣ ቆርጠውና ቀለም ነክረው ስለሚሠሩት የአበባ ካርድ ነው።

እኛ በካኩማ ካምፕ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የምናስተምር ስደተኛ መምህራን ነን። ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ክበብ አለን። ከዚህ በታች የምታነቡት በክበባችን ውስጥ የሠራንበትን ዘዴ ነው። ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ማንኛውም መምህር በሁለት ክፍለ ጊዜ ሊያስተምረው ይችላል፤ ተማሪም ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል።

ለምን የአበባ ካርድ?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ልጆቹ የቸገራቸው ደብተር ነው፤ አበባ ማን ጠየቀ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ያስፈልገዋል።

በአገራችን መስከረም 1 ቀን ልጆች አበባ በወረቀት ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጣሉ። ሴቶች ልጆች ደግሞ አደይ አበባና እርጥብ ሣር ይዘው እየዘፈኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ይኼ ልማድ ከእኛ ጋር ተሰዶ ካምፕ ገብቷል። ነገር ግን ካኩማ ከተቋቋመ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ተወልደው፣ አድገው፣ ዛሬ ራሳቸው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ልጆች የሚያውቁት አሸዋውን፣ እሾሁንና የደረቀውን ላጋ ነው። አደይ አበባን አይተው አያውቁም። «የመስከረም አበባ ሣሉ» ስንላቸው ከሱቅ ካርድ ወይም ከስልክ ላይ ያዩትን ቀይ ጽጌረዳ ከነልቡ ይገለብጣሉ። በዚህ ልጆቹን መውቀስ አይገባም።

የሚገርመው ግን አበባውን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ መኖራቸው ነው። እናት፣ አያት፣ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ አሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ አይናገሩም። ስለ አገር ሲወራ የሚወራው ስለ ጦርነቱና ስለ መንገዱ ነው፤ ስለ ቀለሙ ማንም አያነሳም። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ሲያልፉ ደግሞ ቀለሙም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በእኛ ዘዴ የካርድ ሥራ የሚጀምረው በመቀስ አይደለም፤ በጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ መጠየቅ

ካርዱ ከመሠራቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ለተማሪዎች ይህንን የቤት ሥራ እንሰጣለን፦ «አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። እርስዎ አገር ዝናቡ ሲያባራ ምድሩ ምን ምን ቀለም ነበረ? በሉ። የነገሯችሁን ሦስት ቀለም ጽፋችሁ ኑ።»

በዚህ ቀላል ጥያቄ ብዙ ነገር ይገኛል። ከጎጃምና ከሸዋ የመጡ ሰዎች አደይ አበባን ብቻ ሳይሆን ማሳውን ሙሉ ቢጫ የሚያለብሰውን ኑግ ይጠቅሳሉ። የአንዲት ተማሪ እናት ስለ ተልባ ነገረቻት፤ የተልባ አበባ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይፈካና ፀሐይ ሲበረታ ቅጠሉ ይረግፋል፤ በማግስቱ ሌላ ይፈካል። ልጅቷ ይህን ስትነግረን «መምህር፣ ሰማያዊ እርሻ አለ እንዴ?» ብላ ነው የጠየቀችን።

የኦሮሞ ልጆች ይህን ወቅት ብራ ይሉታል፤ በኢሬቻ ጊዜ እርጥብ ሣርና አበባ እንደሚያዝ ከወላጆቻቸው ሰምተው ይመጣሉ። ሶማሌዎቹ ከጥቅምት ወዲህ የሚመጣውን ዝናብ ደይር ይሉታል፤ ምድሩ በአንድ ሳምንት እንዴት እንደሚለመልም ያወራሉ። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ልጆች ስለ ማሽላ ዛላ ነግረውናል፤ ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ቡኒ አለ። ስለዚህ ካርዱ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይሆንም። ሁሉም ልጅ የራሱን ወገን ጠይቆ የራሱን ቀለም ይዞ ይመጣል።

ማሳሰቢያ ለመምህራን፦ ስለ አገር መጠየቅ ቁስል የሚነካባቸው ሰዎች አሉ። «አታንሳብኝ» የሚል መልስም መልስ ነው። ተማሪው ደግሞ እንዳይጠይቅ ንገሩት፤ ሌላ ጎረቤት ይጠይቅ። ወይም እዚሁ የሚያየውን ይያዝ። ዝናብ ሲጥል የሚለመልመው የኒም ዛፍ (ሙዋሮባይኒ የምንለው)፣ በግቢዎች አጥር ላይ የሚወጣው ቡገንቪሊያ፣ ቱርካና ምድር ላይ በድርቅ መሐል ሮዝ አበባ የሚያወጣው ግንደ ወፍራም የበረሃ ተክል፣ እነዚህም ቀለም ናቸው። ይህ የበረሃ አበባ ግን ወተቱ መርዝ ስለሆነ ይታይ እንጂ አይቀጠፍ። የማቴንጌን ቅርንጫፍም አትስበሩ፤ እሾሁ ክፉ ቁስል ያመጣል።

በፈረንጅ አገር ስላለው የቅጠል ቀለም

ብዙዎቻችን በሪሴትልመንት ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውሮፓ የሄዱ ዘመዶች አሉን። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚልኩት ፎቶ ላይ ዛፉ ሁሉ ቀይና ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ተማሪዎች «ይኼም አበባ ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በእነዚያ አገሮች ብርድ ሲቃረብና ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ ያለውም ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም ይወጣል። ቀዩ ቀለም ግን በአብዛኛው በዚያን ጊዜ አዲስ የሚሠራ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል።

እንግዲህ አንድ ወር ሆኖ ሁለት ነገር ነው። በእነርሱ አገር መስከረምና ጥቅምት የመርገፊያ ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ክረምቱ ወጥቶ አበባ የሚፈካበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል። ቢጫው፣ ብርቱካንማው፣ ቀይ ቡኒው በሁለቱም ዘንድ አለ። ስለዚህ ዘመዱ ውጭ ያለ ተማሪ ከፈለገ የአደይን ቢጫና የዚያን አገር ቅጠል በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ሊያደርግ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. ያገለገለ ወረቀት። ሁለቱም ገጽ የተጻፈበት የአሮጌ ደብተር ወረቀት፣ ያለፈ የፈተና ወረቀት፣ የተነሳ ማስታወቂያ ይሆናል።
2. ለካርዱ መደብ ጠንከር ያለ ወረቀት። የብስኩትና የሳሙና ካርቶን፣ ወይም ኡንጋ የሚሸጥበት ባለ 2 ኪሎ የወረቀት ከረጢት።
3. መቀስ። ከሌለ ማስመሪያና ውሃ።
4. የስንዴ ዱቄት ለሙጫ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ።
5. ለቀለም፦ እርድ (በሱቅ ማንጃኖ በሉ)፣ የቡና አተላ፣ የተፈላ ሻይ ቅጠል፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ከርከዴ፣ የሱኩማ ቅጠል፣ ከሰል።
6. ትንሽ የልብስ ሳሙና ወይም አመድ።
7. ሰማያዊ እስክሪብቶ።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፦ ባዶ የደብተር ገጽ አይቀደድም። በዓመት የሚታደለው ደብተር ቁጥሩ ይታወቃል። ለአበባ ብሎ ንጹህ ገጽ የሚገነጥል ተማሪ በሦስተኛው ተርም ሒሳብ የሚሠራበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ የድሮ ጽሑፍ ቢታይ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ከቀለሙ ሥር የማካፈል ሒሳብ ብቅ ሲል ያምራል።

የሲሚንቶ ከረጢት ግን አትጠቀሙ። ወረቀቱ ጠንካራ ቢሆንም ዱቄቱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

አሮጌ ወረቀት በውሃ ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ በወንፊት ጠልፎ አዲስ ወረቀት የሚሠራበት ዘዴም እንዳለ እናውቃለን። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ውሃ ይፈጃል። በቧንቧ ላይ ጀሪካን ተሰልፎ በሚያድርበት ካምፕ ለእጅ ሥራ ያን ያህል ውሃ መድፋት ተገቢ መስሎ አልታየንም። ወረቀቱን እንዳለ ቀለም መንከር ይበቃል።

ቀለም አዘገጃጀት

ቢጫ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጡ። ወረቀቱን አንድ ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ፣ ወይም በጨርቅ ቀቡት። የአደይና የኑግ ቀለም ይህ ነው።

ብርቱካንማና ቀይ ቡኒ፦ በእርድ የተነከረውን ወረቀት ሳይደርቅ የሳሙና ውሃ ወይም የተጠለለ የአመድ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ይህ አስማት አይደለም። እርድ አሲድና ቤዝ የሚለይ ቀለም ነው፤ ሳሙናና አመድ ቤዝ ናቸው። የላይኛው ክፍል የሳይንስ መምህራን ላብራቶሪ የለንም ብለው ለሚያዝኑበት ትምህርት ይህ በአሥር ሽልንግ እርድ የሚሠራ ሙከራ ነው። ሎሚ ቢጨመርበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፤ አሳዩአቸው። የአመድ ውሃ ዓይን እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ እጅም ይታጠቡ።

ወርቃማ፦ የሽንኩርት ልጣጭ አንድ እፍኝ በአንድ ኩባያ ውሃ 15 ደቂቃ ቀቅላችሁ አጥልሉ። ልጣጩን ሻይ ቤቶች በነጻ ይሰጧችኋል።

ቡኒ፦ የቡና አተላ ወይም የተፈላ ሻይ። አተላውን አትድፉ፤ አድርቃችሁ አስቀምጡት፣ ለአበባው መሐል ይፈለጋል።

ቀይ፦ ከርከዴ በትንሽ ሙቅ ውሃ። በዚህም ላይ የአመድ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘነብላል።

አረንጓዴ፦ የሱኩማ ቅጠል አጥፋችሁ ወረቀቱ ላይ በኃይል እሹ። ይህ አረንጓዴ ከሰነበተ ይደበዝዛል፤ ቀደም ብለን ያልነው ክሎሮፊል ነውና። የፈረንጁ ዛፍ ላይ የሚሆነው ነገር በካርዳችሁ ላይም ይሆናል ብላችሁ ለተማሪ ማስረዳት ትችላላችሁ።

ሰማያዊ፦ ለተልባ አበባ የሚሆን ሰማያዊ ከጓዳ አይገኝም። እስክሪብቶውን ጋደም አድርጋችሁ በስሱ አጥቁሩ፤ ከዚያ በእርጥብ ጣት ወይም በጨርቅ አሹት።

የተነከረ ወረቀት በጥላ ሥር ይደርቅ። የካኩማ ፀሐይ በተለይ የእርድን ቀለም ቶሎ ያነጣዋል። ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዙ ላይ ድንጋይ አድርጉ።

ሙጫ

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ እብጠት እስኪጠፋ በጥብጡ። አንድ ኩባያ ውሃ አፍልታችሁ የተበጠበጠውን እያማሰላችሁ ጨምሩበት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲበስል ወፍሮ ይንጸባረቃል። አውርዱና ይቀዝቅዝ። ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ብትጨምሩበት ቶሎ አይበላሽም፤ ሆኖም ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት። ለሠላሳ ካርድ ያህል ይበቃል።

ዱቄት ምግብ መሆኑን አንርሳ። ተማሪ ከቤቱ ዱቄት እንዲያመጣ አንጠይቅም። ሁለት ማንኪያውን መምህሩ ወይም ክበቡ ይቻል።

ሙጫ በስሱ ነው የሚቀባው። ከበዛ ወረቀቱ ይኮማተራል፣ በኋላም በረሮና ምስጥ ይጠራል።

አደይ አበባ አቆራረጥ

1. ጎኑ 8 ሴ.ሜ. የሆነ ቢጫ ካሬ ወረቀት አዘጋጁ።
2. ለሁለት እጠፉት። እንደገና ለሁለት እጠፉት። አሁን 4 ሴ.ሜ. በ4 ሴ.ሜ. የሆነ ትንሽ ካሬ አላችሁ።
3. ካሬውን ከማዕዘን ማዕዘን አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉ። ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ የትልቁ ወረቀት መሐል የነበረችው የተዘጋችው ማዕዘን የሦስት ማዕዘኑ ሹል ጫፍ መሆን አለባት። ተገልብጦ ከታጠፈ አበባው ሲቆረጥ ይበታተናል።
4. በክፍቱ ጠርዝ በኩል እንደ ጣት ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርጉ፤ ነገር ግን ከሹሉ ጫፍ 1 ሴ.ሜ. ሳይነካ ይቅር።
5. ስትዘረጉት ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይሆናል።

«ለምን ስምንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ጊዜ ታጥፏል፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት ስምንት ነው። የአንዱ ቅጠል ማዕዘን ደግሞ 360 ለስምንት ሲካፈል 45 ዲግሪ ይሆናል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሲማሩ የሚያንቀላፉ ልጆች መቀስ ሲይዙ ይገባቸዋል።

6. በዚሁ ዓይነት ጎኑ 6 ሴ.ሜ. ከሆነ ወረቀት ሁለተኛ አበባ ቁረጡ። ቅጠሎቹ በትልቁ ቅጠሎች መሐል መሐል እንዲወድቁ ትንሽ አዙራችሁ መሐል መሐሉን ብቻ ለጥፉ። የላይኛውን ቅጠሎች በእስክሪብቶ ቀና ቀና አድርጉ።
7. ለመሐሉ ትንሽ ክብ ከብርቱካንማው ወረቀት፣ ወይም ሙጫ ነካ አድርጋችሁ የደረቀ የቡና አተላ ነስንሱበት። አደይ አበባ ከሱፍና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በእነዚህ ተክሎች ላይ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መሐሉ ላይ የምትነሰንሱት ነጥብ ነጥብ እነዚያን ጥቃቅን አበቦች ይመስላል።

ሌሎች ሁለት አበቦች

ተልባ፦ ከሰማያዊው ወረቀት እንደ ውሃ ጠብታ ያሉ አምስት ቅጠሎች ቁረጡ። ቀጫጭን ጫፋቸውን አንድ ላይ ገጥማችሁ ለጥፉ። የተልባ አበባ ቅጠሉ አምስት ነው፤ ስድስት አታድርጉት።

ጽጌረዳ፦ ስፋቱ 8 ሴ.ሜ. የሆነ ክብ ከከርከዴው ወይም ከቀይ ቡኒው ወረቀት ቁረጡ። ከዳር ጀምራችሁ 1 ሴ.ሜ. ስፋት እየጠበቃችሁ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞራችሁ እስከ መሐሉ ቁረጡ። ከዳር በኩል ጀምራችሁ ጠቅልሉት፤ በመጨረሻ የምትቀረውን ክብ ሙጫ ቀብታችሁ ሥሩ ላይ ለጥፉ።

መቀስ ለማይዳረስበት ክፍል

መቶ ተማሪና አራት መቀስ ያለበት ክፍል ብዙ ነው። ምላጭ ግን በፍጹም እንዳይፈቀድ። እኛ የምናደርገው ክፍሉን በአራት በአራት እየከፈልን ነው፤ አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ቀለም ይነክራል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይለጥፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መቀስ የሌለው ቡድን የሚቆረጠውን መስመር በእርጥብ እንጨት ጫፍ አርጥቦ በቀስታ ይቀደው። ዳሩ ጸጉራም ይሆናል፤ ለአበባ ደግሞ ጸጉራም ዳር ያምርበታል።

ካርዱን መገጣጠም

ካርቶኑን ወይም የኡንጋ ከረጢቱን 20 ሴ.ሜ. በ14 ሴ.ሜ. ቁረጡ። ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉ፤ በውስጥ በኩል ለመልእክቱ ነጣ ያለ ወረቀት ለጥፉ። አበባውን ከፊት ለፊት መሐል ላይ አታድርጉት፤ ከፍ አድርጋችሁ ወደ አንድ ጎን አስጠጉና ለግንዱና ለቅጠሉ ቦታ ተዉ። ካርዱን ከደብተር ሥር አድርጋችሁ አትጫኑት፤ አበባው ይደፈጠጣል። ምስጥ እንዳያገኘው ደግሞ መሬት ላይ አታኑሩት፤ በገመድ ስቀሉት።

ምን ይጻፍበት?

ሥራው ሲያልቅ ከአበባው ይልቅ ተማሪዎችን የሚያስቸግራቸው ጽሑፉ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆች ኪስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለሚቀናቸው በአማርኛ ትልቅ ሰውን «አንተ» ብለው ይጽፋሉ። ብልግና አይደለም፤ ማንም በጽሑፍ አላስተማራቸውም። ካርዱ ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የአዲስ ዓመት ሰላምታውን እንዲህ አስተምሯቸው፦

ለወንድ ጓደኛ፦ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረህ።
ለሴት ጓደኛ፦ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ።
ለሽማግሌ፣ ለባልቴት፣ ለመምህር፦ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎት።
ለቤተሰብ ሁሉ፦ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

እናትና አባትን በተመለከተ እንደየቤቱ ይለያያል፤ «አንቺ» የሚባልበት ቤት አለ፣ «እርስዎ» የሚባልበትም አለ። ልጁ በቤቱ እንደለመደው ይጻፍ።

መልእክቱ ከሦስት መስመር አይብለጥ። አንደኛው መስመር ሰላምታ ነው። ሁለተኛው መስመር ቀለሙን የነገረውን ሰው ያነሳል፤ ለምሳሌ የተልባዋ ተማሪ «እማዬ፣ የነገርሽኝ ሰማያዊ ይኼንን ይመስላል?» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው ስም፣ ክፍልና ቀን። ሁለተኛውን መስመር አትዝለሉት፤ ካርዱን ከሱቅ ካርድ የሚለየው እሱ ነው። ተቀባዩ «ትንሽ ይደምቃል» ወይም «ልክ ነው» ብሎ ጨዋታ ይጀምራል። የተልባዋ እናት «ሰማያዊው በዝቷል፤ እንደ ጠዋት ሰማይ ሳሳ ያለ ነው» ብላ መለሰች። ልጅቷም ሁለተኛ ካርድ ሠራች።

ሶማሌው በሶማሊኛ፣ ዲንካው በዲንካ ይጻፍ። መጻፍ ለማይችል ሰው የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያንብብለት። አዲስ ዓመታቸው መስከረም 1 ቀን ያልሆነ ተማሪዎች ለተርም መዝጊያ ወይም ለራሳቸው በዓል ይሥሩት። መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንደሚውል፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 እንደሚሆን ለጓደኞቻቸው ማስረዳትም ጥሩ ነው።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ሦስት ጥያቄዎች

ካርዱ ይሸጣል ወይ? በአገር ቤት አበባ ይዞ ለመጣ ልጅ ሳንቲም ወይም ዳቦ መስጠት ባህል ነው። አንድ ትልቅ ተማሪ «ታዲያ ለምን እዚህ ይቀራል?» ብሎ ተከራክሮናል፤ ነገሩ እውነት አለው። ነገር ግን ሬሽን ሲቀነስ ጎረቤት ለልጅ የሚሰጠው ሲያጣ ያፍራል፤ አንዳንዱም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በክበባችን የሚሠራ ካርድ ይሰጣል እንጂ ክፍያ አይጠየቅበትም። ተቀባዩ በፈቃዱ ቢሰጥ «እግዜር ይስጥልኝ» ተብሎ ይወሰዳል። ቤተሰብ በቤቱ የሚያደርገውን እኛ አንከለክልም።

የሚሰጠው ሰው የሌለው ልጅስ? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። በክፍላችን ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወይም የት እንዳሉ የማያውቁ ልጆች አሉ። ስለዚህ መምህሩ «ለእናታችሁ ካርድ ሥሩ» ብሎ አይጀምር። «ለምታከብሩት ሰው ሥሩ» ይበል። የትምህርት ቤት ገንፎ ለምታበስለው እናት፣ ለቧንቧ ጠባቂ፣ ለዘበኛው፣ አብሮ ለሚያድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ላጣው ሰው መሥራት የፈለገ ልጅም ይሥራ። ማንበብ አንጠይቀውም፤ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍም አናስገድደውም። ብዙ ካዘነ ወይም ዝም ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ለትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ሠራተኛ ንገሩ።

ውጭ ላለ ዘመድ እንዴት ይደርሳል? በፖስታ መላክ ውድ ነው። ካርዱን በጠዋት ብርሃን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ መላክ ትችላላችሁ። በፎቶው ላይ የልጁ ፊት፣ የብሎክ ቁጥርና የሬሽን ካርድ እንዳይታይ ተጠንቀቁ።

በመጨረሻ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ «አበባ ማን ጠየቀ?» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። ደብተር ስጡን ብለን መጠየቃችንን አናቆምም። እስከዚያው ግን ያለቀው ደብተር ራሱ ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ ሊያስተምር ይችላል። ከዚህም በላይ አንድ ልጅ በቤቱ ያለን ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ጠይቁ። መምህራንም ከክፍላችሁ የተገኙ ቀለሞችን፣ የተነገሩበትን ቋንቋና ከምን እንዳወጣችኋቸው ጽፋችሁ ለየትምህርት ቤታችሁ የጋዜጣ ተጠሪ ስጡልን። በተለይ ሰማያዊን ከእስክሪብቶ ሌላ ከምን ማውጣት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

መልካም ሥራ!